ለአክስቴ ሀዋሳን ሳስጎበኝ

አክስቴን ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታው አልወጣልኝም።

ከአዲስ አበባ የመጣችው ለጥቂት ቀን እረፍት ነበር። እዚያ ግቢዋ ውስጥ አንዲት ባዶ ሰርቪስ ክፍል አለቻት። እኔ ደግሞ ማንም ያላስተማረኝን ግጥም ይዤ ሀዋሳ ጠቦኛል፤ የግጥም ምሽት ያለው፣ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ያለው እዚያ ነው። ያቺን ክፍል ካገኘሁ እሄዳለሁ፤ ካላገኘሁ ቀረሁ ማለት ነው። እናቴ በር ላይ ያዘችኝና፣ «ከተማውን በደንብ አሳያት። ደስ ሲላት ጠብቀህ ጠይቃት» አለችኝ።

አክስቴ ኪስ የሚነካ ደስታ አትወድም። «በነጻ የሚታይ ነገር የላችሁም?»

በጠዋት ታቦር ተራራን ይዣት ወጣሁ። በየድንጋዩ እየተቀመጠች የተወለድኩበትን ቀን ረገመች፤ የወለደችኝ እህቷ መሆኗን እንኳ ረስታዋለች። አናቱ ላይ ስንደርስ ሐይቁ ጭጋጉን ገና እየገፈፈ ነበር። ያለኝን ቃል ሁሉ አወጣሁ። ጀልባዎቹን፣ ከውሃው ማዶ ያለውን ሰማያዊ ተራራ፣ ከታች የሚንጫጫውን ባጃጅ ሁሉ ተረክኩላት። ዓይኗን ሐይቁ ላይ ተክላ ሰማችኝ። አሁን ነው ብዬ አፌን ስከፍት፣

«ጫማዬን ፍታልኝ፤ እግሬ አብጧል» አለች።

ቀጥሎ የመግቢያ ዋጋዋ ከአንድ ማኪያቶ ወደማይበልጥ ትንሽ ሙዚየም ወሰድኳት። መስታወቱ ውስጥ የእንሰት መፋቂያ ተቀምጧል። አክስቴ ያደገችው እንሰት ስትፍቅ ነው።

«እኔ ከዚህ ሸሽቼ ነው የሄድኩት፤ እናንተ መብራት አበራችሁበት?» አለች። «ይሄንንማ እናትህ ጓሮ በነጻ አየው ነበር።»

ጥበቃው ሳቀ። እኔ ግን አልተውኩም። «እንጨቱ እንዴት እንደለሰለሰ አዩት? የሴት መዳፍ እኮ ነው የላገው።»

ጎንበስ ብላ አየች። «አንተ ልጅ፣ ሰው ታሳምናለህ» አለች። ልቤ ዘለለ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነበርን። ዓሣ አስጋሪዎቹ ዓሣ ይበልታሉ፤ ከኋላቸው ራሰ በራዎቹ ትልልቅ ወፎች ተደርድረዋል።

«እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?»

«አባ ኮዳ ይባላሉ። ሆድ ዕቃው እስኪጣልላቸው ቆመው ይጠብቃሉ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ዘመዶችህ ናቸው በለኛ።»

የተጠበሰው ዓሣ ከሚያቃጥለው የዳጣ ማባያ ጋር መጣ። ግማሹን እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ፊቷ ወዛ፤ ደስ ብሏታል።

«አክስቴ፣ ያቺ ሰርቪሷ ክፍል... ለጥቂት ወር እንኳ...»

«እሷንማ ከመምጣቴ በፊት አከራየኋት።» ከጥርሷ መሃል እሾህ አወጣች። «ደግሞስ ይሄን ሁሉ ትተህ እዚያ ምን ልትሆን? አንተው አይደለህ እንዴ ከጠዋት ጀምሮ ገነት ነው ስትለኝ የዋልከው? እንዲህ ባታሳምረው ኖሮ እኔም ባዘንኩልህ።»

አንድ አባ ኮዳ ወደ ጠረጴዛችን ተጠጋ። አጥንቱን ወረወረችለት።

«ነገስ ወዴት ትወስደኛለህ?»

«መናኸሪያውን አላዩትም» አልኳት።

ዓሣው ትን እስኪላት ሳቀች። እንባዋን በመሐረቧ ጠረገችና፣

«ከግጥሞችህ ሁሉ ይቺ ትሻላለች» አለች።

አንድም ግጥሜን ሰምታ አታውቅም።