የደቻቱ ሰማያዊ ጉድጓድ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን፣ ድሬ ዳዋ ውስጥ የጽዳት ተቆጣጣሪ ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ልርሳው ብልም አልችልም፤ ሰማያዊ ሸሚዝ በለበስኩ ቁጥር ባለቤቴ ታስታውሰኛለች።

ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ፤ ጥጋቤም ለጉድ ነበር። ካኪዬን ለብሼ፣ ባርኔጣዬን ደፍቼ፣ በከዚራ ሰፈር ከቤት ቤት እየዞርኩ የሰው ሽንት ቤት ጉድጓድ ክዳን አስከፍታለሁ። “ጉድጓዱ ሁለት ክፍል ይኑረው፤ በአንዱ ቆሻሻው ይዝቀጥ፣ የሚተርፈው ውሃ በሌላው በኩል በጠጠርና በአሸዋ ተጣርቶ መሬት ይግባ” እያልኩ በወረቀት የሣልኩትን አሳያለሁ። ሰው ሁሉ “እሺ ጌታዬ” ይለኛል።

አንድ ቀን አዴ ሐሊሞ ቢሯችን መጡ። በበጋ የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ቆፍረው ውሃ እየቀዱ በአህያ የሚሸጡ ሴት ናቸው። አንድ ጣሳ ውሃ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና “አሽትት” አሉት። አለቃዬ አሸተተ፤ ከዚያ ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ።

“ወደ ወንዙ የሚፈሰው የማን ሽንት ቤት ነው?” ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

እኔም ሳላመነታ “የሙሴ ያኒ ነው” አልኩ። ሙሴ ያኒ ጎረቤቴ ነው፤ ድሬ ተወልዶ ያደገ ግሪካዊ ዳቦ ጋጋሪ። የሁለታችንም ቤት ወንዙ ዳር ነው። አንድ ጊዜ በባርኔጣዬ ስለሳቀ ቂም ይዤበት ነበር። “እሱ ካልሆነ ለጥፋተኛው አዲስ ጉድጓድ በገዛ እጄ እቆፍራለሁ!” ብዬ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ማልኩ።

መፈተኛው ቀላል ነበር። መጋላ ገበያ ወርጄ ሴቶች የሰፌድ አለላ የሚያቀልሙበትን ቀይ ቀለም ገዛሁ፤ ባለሱቁም ሰማያዊ መረቀልኝ። ቀዩን ሙሴ ያኒ ቤት እንደፋለን፤ የአዴ ሐሊሞ ጉድጓድ ከቀላ ጥፋተኛው ታወቀ። ውሃ ቀጂዎቹም ለጊዜው ራቅ ካለ ቦታ እንዲቀዱ ተነገራቸው።

አዴ ሐሊሞ ምስክር ሆነው አብረውኝ ዞሩ። ቀዩን ደፍተን ስንወጣ ቀጥሎ ያለውን ቤት አዩና፣

“ይሄስ የማን ነው?” አሉ።

“የኔ ነው።”

“ታዲያ አንተ አትበላም?”

“እበላለሁ እንጂ!”

“ወላሂ፣ የሚበላ ሰው ቤት ሁሉ ቀለም ይግባ አቦ!”

ነገሩ አሳቀኝ። እሳቸውን ደስ ይበላቸው ብዬ የተመረቀልኝን ሰማያዊ የራሴ ሽንት ቤት ውስጥ ደፋሁት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደቻቱ ላይ ገበያ የቆመ መሰለ። እየሮጥኩ ደረስኩ። የአዴ ሐሊሞ የውሃ ጉድጓድ ሰማያዊ ሆኗል። አንዷ ነጠላዋን ነክራ ቀለሙ እንዴት እንደያዘላት ለጓደኞቿ ታሳያለች። አንድ ሽማግሌ ለወገብ ሕመም ይሆነኛል ብለው በጠርሙስ ይቀዳሉ። ምንነቱን ልናገር አፈርኩ፤ ጠርሙሱን ነጥቄ አሸዋው ላይ ደፋሁት። ሽማግሌው ረገሙኝ።

አለቃዬ “ሰማያዊው የማን ነው?” አለ።

ዋሸሁ። “የሙሴ ያኒ ነው” አልኩ።

ለካ ሙሴ ያኒ ከኋላዬ ቆሟል። “የኔ ቀይ ነው” አለ፣ ከእኔ በተሻለ አማርኛ። “ግቡና እዩ፤ ሽንት ቤቱ ሥጋ ቤት መስሎ ሚስቴ አልገባም ካለች ሦስት ቀኗ ነው!”

አዴ ሐሊሞ ጣታቸውን ወደ ቤቴ ቀሰሩ።

ሄደን ክዳኑን ስንከፍት፣ ከጉድጓዴ ግርጌ አንድ አሮጌ ቱቦ በግንቡ ሥር አልፎ በቀጥታ ወደ ወንዙ አሸዋ ይወርዳል። የከዚራን ክዳን ሁሉ ሳስከፍት የራሴን አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላየሁም ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

መሐላ ነውና ቆፈርኩ። በዚያ በድሬ ሐሩር፣ ካኪዬን አውልቄ፣ በካናቴራ። መዳፌ ተላጠ። በወረቀት ላይ ስንዝር የማይሞላው ጉድጓድ መሬት ላይ ማለቂያ አጣ። ሙሴ ያኒ ትኩስ ዳቦ ያመጣልኝና አጥሩን ተደግፎ “ባርኔጣህስ?” ይለኛል። ዳቦውን ግን አልመለስኩም፤ እውነት ለመናገር ይጣፍጥ ነበር።

አሮጌው ቱቦ ተደፍኖ፣ አዲሱ ጉድጓድ ሥራ ጀምሮ ወራት አለፉ። አንድ ቀን አዴ ሐሊሞ ከዚያው ከደቻቱ ጉድጓዳቸው የቀዱትን ውሃ በብርጭቆ ይዘው ደጄ መጡ።

“ጠጣ” አሉኝ።

ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት። ጥርት ያለ ነው። አሸተትኩት፤ ምንም የለውም። ጠጣሁት።

“እንዴት ነው?”

“ጥሩ ነው፣ አዴ።”

“እኛ ያን ሁሉ ጊዜ የጠጣነው ግን ያንተን ነበር፣ ልጄ” ብለው ብርጭቋቸውን ተቀብለውኝ ሄዱ።

ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ብርጭቆው ላይ ስደርስ ግን ዛሬም ፊቴ ይቀላል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሰው ክዳን ለማስከፈት ከመውጣቴ በፊት የራሴን ከፍቼ አይ ነበር።