ጠብ የሸሸው ንብ

የወንድሜ የልጅ ልጅ ከሰቆጣ በመኪና ጭኖ ያመጣቸውን የሳጥን ቀፎዎች ባየሁ ቁጥር፣ ልጅ እያለሁ ከጓሯችን ወይራ ላይ ይንጠለጠል የነበረው፣ በእበትና በአመድ የተለቀለቀው ያባቴ ቀፎ ይመጣብኛል። በማር ቆረጣ ሰሞን ደጃችን ሁሉ ማር ማር ይሸት ነበር።

በእኛ ቀዬ "ንብ ጠብ ያለበት ቤት አይቀመጥም" ይባላል። ታላቅ ወንድሜ ተዋበችን ከሰሃላ አግብቶ ባመጣ በመንፈቁ፣ ንባችን ቀፎውን ጥሎ ሄደ። አባቴ ከወይራው ሥር ቆሞ ሰማይ ሰማዩን አየና "ቤታችን ጠብ ገብቷል" አለ። ጠቡን ማን አመጣው? አዲስ የገባ ሰው አንድ ብቻ ነው። ነገሩ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ተዋበች ላይ ደረሰ።

ክፉ ቃል ካፏ ሲወጣ የሰማ አልነበረም። አጎቴ ግን "ዝምተኛ ሰው ጠቡን በሆዱ ይዞ ነው የሚዞር" አለ፤ ይኸም አሳማኝ ሆነ። ወደ አባቷ ቤት ልትመለስ ለእሑድ ሽማግሌ ተጠራ። ወንድሜ እህል አልቀምስ አለ። እሷም ይዛው የመጣችውን ጋቢ ማጣጠፍ ጀመረች።

እሑድ ሽማግሌዎቹ እንደተቀመጡ፣ እናቴ ጠላ እየቀዳች እንደ ዋዛ ጣል አደረገች። "የጎረቤታችን ያያ ካሣ ቤትማ ዱላ አያርፍም። ንቡ ግን ቀፎውን ሞልቶ ያጉረመርማል።"

"የሱ ንብ ለምዶት ነው" አለ አባቴ። ሽማግሌዎቹ እውነት ነው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅሁ።

"እንግዲያ የኛም ይለምደው ነበራ" አለች እናቴ። "ልጅቱን ከመስደድዎ በፊት እስቲ ቀፎውን ያውርዱት። እስካሁን ከፍቶ ያየው ሰው የለም።"

አባቴ አወረደው። ሰሙ ላይ ድር አድርቶበታል፤ ነጭ ትል ውስጡን በልቶ ጨርሶታል። ሽታው አፍንጫ ይይዛል። አጎቴ ይኼኔም "ትሉንስ የጠራው ጠብ እንደሁ?" አለ።

አባቴ ቀፎውን ገልብጦ አራገፈው። "ተው ወንድሜ፣ ይህ ትል ከሰሃላ አልመጣም።"

ተዋበች ጋቢዋን መልሳ ዘረጋችው። እነዚያን የሳጥን ቀፎዎች ያመጣው ልጅ የእሷ የልጅ ልጅ ነው።

ያኔ ቀፎ ለማየት ዛፍ መውጣት ነበረብን፤ ምክንያት ግን ከመሬት ይለቀም ነበር። ዛሬ ክዳን መግለጥ ብቻ ነው። አምና ከሳጥኖቹ አንዱ ባዶ ሆነና ልጁ ጠራኝ። ክዳኑን ራሴ ገለጥሁት፤ ጉንዳን ገብቶበት ኖሯል። እዚያ እስክደርስ ድረስ ግን፣ "ከሚስቱ ጋር ምን ተባብለው ይሆን?" እያልሁ ነበር የሄድሁት።