ስም ያልተጠራበት ጥሪ

አያ አበጋዝ ድምፅ በነበራቸው ጊዜ፣ ከቤታቸው በወጡ ቁጥር የሚሄዱበትን ጉዳይ እየጮሁ ነበር የሚሄዱት። «ጨው ነው! ሰላም ነው፣ ጨው ልገዛ ነው!» ይላሉ። ሌላ ቀን ደግሞ «በቅሎ ፍለጋ ነው! ሌላ አይደለም፣ በቅሎ ነው!» እንግዳ ሰው ቢሰማቸው አንድ ነገር ነክቷቸዋል ይላል። እኛ ግን የቅሬው ጠሪ መሆናቸውን እናውቃለን።

ቅሬ ሌላ አገር እድር የሚሉት ነው። ሰፈራችን ከመካነ ሰላም በእግር ትንሽ ወጣ ይላል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ባንድ ቅሬ ነው የሚቀባበረው። ሰው ሲሞት አያ አበጋዝ ጉብታው ላይ ይወጡና እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አገሩን ወደ መሰብሰቢያው ወይራ ይጠራሉ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ዝም ብሎ ወደ ደጅህ ሲመጣ ብታይ ምን ይውጥሃል? አንዴ ፀጥ ብለው ወደ አንዷ ቤት ቢሄዱ፣ ሴትዮዋ ከድንጋጤዋ የተሸከመችውን ማድጋ ለቀቀችው አሉ። የሄዱት ለምን መሰለህ? ወንፊት ሊዋሱ! ከዚያ ወዲህ ነው «ጨው ነው» ማለት የጀመሩት።

እኔ ፈንታሁን ነኝ። መናኸሪያ ነው የምሠራው፤ «አቀስታ፣ ደሴ! ደሴ የሞላ!» እያልኩ። ትምህርቱን ሰባተኛ ላይ ተውኩት። አንድ ቀን የርዕሰ መምህሩን ድምፅ ይዤ በመስኮት በኩል «ዛሬ ትምህርት የለም፣ ወደየቤታችሁ!» ብዬ ግማሹን ትምህርት ቤት በትኜዋለሁ። እኔ ተውኩት ወይስ እነሱ ተዉኝ፣ እንጃ። የማንንም ድምፅ እወስዳለሁ። ከሁሉ አብልጬ የምወስደው ግን የአያ አበጋዝን ነው። መነሻው ሻካራ ነው፣ መሀል ላይ ይሳሳል፣ መጨረሻው ገደል እንደገባ ድንጋይ እየራቀ ይሄዳል።

አንድ ቀን ከኋላዬ መቆማቸውን ሳላውቅ ለጓደኞቼ ሳስመስላቸው ያዙኝ። በዱላ ሊሉኝ ነው ብዬ ራሴን በእጄ ሸፈንኩ። እሳቸው ግን «እኔ ስሞት ማን ይጠራልኛል እያልኩ ስጨነቅ ነበር» አሉኝ። «አሁን አወቅሁ። እደግ!»

ዓምና ጉሮሯቸውን ታመው ደሴ ሄዱ። ዳኑ፤ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። የሚወጣቸው ሹክሹክታ ብቻ ነው። «ጨው ነው» ማለት ስላልቻሉ ከቤት መውጣቱንም ተዉት። ሰው እንዳላስደነግጥ ብለው እኮ ነው! ሲያምራቸው የቤታቸው ጥግ ፀሐይ ላይ ቁጭ ይላሉ። ቅሬውም በስልክ መጠራራት ጀመረ።

የፊልም ነገር ያመጣችው የሻለም ናት። የጎረቤታችን ልጅ ናት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ኃላፊ። ተማሪዎች ስላገራቸው ልማድ አጭር ፊልም ይሥሩ ተብሎ፣ እሷ ቅሬን መረጠች። የሚቀርፀው የሰፈራችን ሽማግሌ የሼህ ሱሌማን ልጅ ሁዜይፋ ነው፤ ጥሩ ስልክ ያለው እሱ ስለሆነ። እኔ ደግሞ ተማሪ ባልሆንም ጉሮሮዬ ተፈለገ። አያ አበጋዝ ጉብታው ላይ ቆመው አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ድምፁ የኔ ይሆናል።

አያ አበጋዝ ሲነገራቸው ደስ አላቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ፣ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አይሰማም፣ ነፋሱ ብቻ። ሲጨርሱ ጠሩንና በሹክሹክታቸው «እዚህ ላይ ድምፅ እንዳታወጡ» አሉን። «ድምፁን ከተማ ሂዱና ቤት ውስጥ ቅዱት።»

እሺ አልን። ከተማ ሄድን፣ የሻለም ለጥናት እንዲመቻት የተከራየችው ቤት ውስጥ ቀዳን።

«በርሜል ውስጥ ገብተህ የምትጮህ ነው የሚመስለው» አለች የሻለም።

«ቤትሽን ስደቢ እንጂ ጉሮሮዬን አትስደቢ።»

«ጉብታው ላይ እንቅዳው። አንዴ ብቻ።»

«አያ አበጋዝ ምን ነበር ያሉን?» አለ ሁዜይፋ።

«ስም አንጠራማ!» አለች የሻለም። «ስም ካልጠራን ማን ይደነግጣል?»

ይሄ ለሦስታችንም ብልህነት መሰለን። ደግሞስ ማንን ልንጠራ ነው? ስም ሁሉ ባለቤት አለው። በቁሙ ያለን ሰው ሞተ ብሎ መጥራት ደግሞ ሟርት ነው። ስሙን ዘለልነው።

በማግስቱ ጠዋት ጉብታው ላይ ወጣን። አጨዳ ነበር፤ ከታች ሰው እዚህም እዚያም ጎንበስ ብሎ ይታያል። ሁዜይፋ ስልኩን ድንጋይ ላይ አቆመው። እኔ እጄን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩና ለቀቅኩት።

«ኧረ ያገር ልጅ ሆይ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ቅሬ ውጣ! ወይራው ሥር፣ ቅሬ ውጣ!»

አምላኬን፣ እንደዚያ ቀን ወጥቶልኝ አያውቅም። ማዶው ራሱ መለሰው። ሳቄን ይዤ ወደ የሻለም ዞርኩ። እሷ ግን አትስቅም፤ ወደ ታች እያየች ነው።

አጫጁ ሁሉ ቀና ብሏል። ሴቶቹ ከየቤታቸው ወጥተው ደጃቸው ላይ ቆሙ። አይጮሁም፣ አይሮጡም፣ ብቻ ቆሙ። ከዚያ ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን እያጣፉ ቀስ ብለው ወደ ወይራው መምጣት ጀመሩ።

«ለምን አካፋ አልያዙም?» አለ ሁዜይፋ።

እውነትም አንድም ሰው አካፋ አልያዘም። ቅሬ ሲጠራ መጀመሪያ የሚያዘው አካፋ ነው።

በዚህ መሀል አያ አበጋዝ ጉብታውን እየቧጠጡ ብቅ አሉ። ጋቢ የለ፣ ጫማ የለ። የገዛ ድምፃቸውን ከሩቅ ሰምተው ነው የመጡት። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ማንን ጠራችሁ?» ሹክሹክታው ራሱ ይንቀጠቀጣል።

«ማንንም አያ! ስም አልጠራንም!» አልኩ።

«ስም... አልጠራችሁም?»

ድንጋዩ ላይ ዘጭ አሉ። ከዚያ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ነገሩን። ስም ያለው ጥሪ እዚህ የሞተ ሰው ነው፣ አካፋ ተይዞ ይወጣል። ስም የሌለው ጥሪ ግን መርዶ ነው። ሰው በሩቅ አገር ሞቷል፣ ቤተሰቡ ገና አልሰማም ማለት ነው። ሽማግሎቹ ወይራው ሥር የሟቹን ስም በጆሮ ይሰሙና ባንድነት ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። ሴቶቹ ደጅ የሚቆሙት ሽማግሎቹ በየት በኩል እንደሚዞሩ ሊያዩ ነው። ስልክ ከገባ ወዲህ የሩቅ መርዶ እንዲህ ተጠርቶ ስለማያውቅ እኛ ልጆቹ የት እንወቀው!

ሰፈራችን ውስጥ ደግሞ በሩቅ ሰው የሌለው ቤት የለም። የአንዱ ልጅ ወታደር ነው፣ የሌላው ጅዳ ነች። የእትዬ ዝናሽ ልጅ ምስክር፣ እኩያዬ፣ አብሮ አደጌ፣ በባሕር ወደ ሳዑዲ እሄዳለሁ ብሎ ከወጣ ክረምቱ አለፈ። ድምፁ የለም። የእትዬ ዝናሽ ቤት ደግሞ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፣ ብቻውን።

አያ አበጋዝ ነግረውን ሳይጨርሱ ቁልቁል በረርን። ወይራው ሥር ደርሰን ለሽማግሎቹ ተናዘዝን።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ሼህ ሱሌማን። ልጃቸውን ሁዜይፋን እንኳ አላዩትም፣ እኔን ነው የሚያዩት። «አንተ ጦጣ! በሰው አንጀት ትጫወታለህ?»

«አፉ በሉኝ፣ ማሩኝ አባባ፣ አላወቅንም!»

«አፉታው ይቆይ። መጀመሪያ ሴቶቹን ከጭንቀት እናውጣ። ከዝናሽ እንጀምር፣ እሷ ናት የምታሳዝነው።»

ተነሳን። ሽማግሎቹ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። የግራውን መንገድ ያዝን። ትንሽ እንደሄድን አንድ ድንጋይ ከላይ ተወርውሮ ፊታችን አረፈ። ዞር ስንል አያ አበጋዝ ናቸው፣ ቁልቁል እየመጡ ሁለት እጃቸውን እንደ እብድ ያወናጭፋሉ። መጮህ አይችሉ! ሌላ ድንጋይ ወረወሩ።

ያኔ ገባኝ። የግራው መንገድ የሚያደርሰው አንድ ቤት ብቻ ነው። ጋቢ የለበሱ ሽማግሎች በዚያ መንገድ ተሰልፈው ሲመጡ እትዬ ዝናሽ ምን ትበል?

«ምስክርዬን!»

ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ነጠላዋን ወረወረችና ከቤቷ ጀርባ ሮጠች፣ ወደ አፋፉ። ቀጥ ብለን ቆምን። አንድ ሽማግሌ አንድ እግር ወደፊት ሲል እሷ አንድ እግር ወደኋላ አለች። ከኋላዋ ምንም የለም፣ ሰማይ ብቻ።

«እንዳትመጡ! እንዳትነግሩኝ!»

«እትዬ ዝናሽ፣ ውሸት ነው! ፊልም ነው!» አለች የሻለም እያለቀሰች።

«ከመቼ ወዲህ ነው ፊልም ሽማግሌ አስከትሎ የሚመጣው!»

ምን ይባላል? ልሂድ ብትል መርዶ ነህ፤ ልመለስ ብትል ማን ያምንሃል? መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ «ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው» ይል የለ እንዴ? እትዬ ዝናሽ ከወደቀች የገደላት የኔ ጉሮሮ ነው። ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

አያ አበጋዝ ደረሱና ማጅራቴን ጨመደዱኝ። አፋቸውን ጆሮዬ ላይ ለጠፉት።

«እጅህን ጆሮህ ላይ። እኔ የምልህን በል። አንዲት ቃል እንዳትጨምር።»

«አያ፣ ድምፄ ይሰበራል፣ አልችልም...»

«የኔ ነው እንጂ ያንተ መቼ ነው! በል!»

እሳቸው በሹክሹክታ፣ እኔ በሳቸው ድምፅ ቀጠልን።

«ኧረ ያገር ልጅ ሆይ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

እትዬ ዝናሽ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። አያ አበጋዝ ሳያቋርጡ አንሾካሾኩ። ስሰማቸው ግራ ገባኝ፤ ግን አንዲት ቃል እንዳትጨምር ተብያለሁ።

«ነገ ደቦ ነው! የዝናሽ ስንዴ ይታጨዳል! ማጭድህን ስለህ ና! ዝናሽ ቂጣ ትጋግራለች!»

መርዶ ሊገባበት ባለ ቤት ደቦ አይጠራም። ማጭድ የሚል ቃል ራሱ አይነሳም። ይሄን ማንኛዋም ሴት ታውቃለች። እንደገና በል አሉኝ፣ አልኩ። ከማዶ ማሳ አንድ አጫጅ፣ የሆነውን ያልገባው፣ «እሺ! እንመጣለን!» ብሎ መለሰ። ከወዲህ ደግሞ ሌላው «መጣን!» አለ። ድምፁ ካንዱ ማሳ ወዳንዱ እየተቀባበለ ሄደ።

እትዬ ዝናሽ እጇን ከጆሮዋ ቀስ ብላ አወረደች። አየችን።

«ስንዴዬ መቼ ደረሰና ነው የሚታጨደው!» አለች ድንገት፣ በቁጣ።

«ደርሷል በላት» አሉ አያ አበጋዝ።

«ደርሷል!»

«አልደረሰም! እሸት ነው!»

ይሄን እያለች ወደኛ መጣች፣ ከአፋፉ ራቀች፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ነው ለቅሶው የመጣው። ሴቶቹ ሮጠው ሄደው አቀፏት።

የተጠራ ደቦ አይታጠፍም፤ በማግስቱ አገሩ ማጭዱን ይዞ መጣ። ስንዴው እውነትም አልደረሰም ነበር፣ ገብሷን አጨድንላት። የሻለም እጇ ተላጠ፣ ሁዜይፋ አባቱ አጠገብ ቆሞ ሲያጭድ ዋለ። ስልኩ ጉብታው ላይ ሆኖ ሁሉንም ድምፅ ቀድቶት ነበር። የሻለም አንድ ጊዜ ብቻ ሰማችውና አጠፋችው። ፊልሙ ላይ አያ አበጋዝ አፋቸውን ሲከፍቱ ነፋሱ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ቀጥሎ ሰው ገብስ ሲያጭድ ይታያል። ያዩት መምህራን «ድምፁ ተበላሸባችሁ እንዴ?» ብለው ጠየቋት አሉ። «አልተበላሸም» ብቻ አለቻቸው።

ደቦው ቀን እትዬ ዝናሽ ውኃ ይዛልኝ መጣች። ቀና ብዬ ላያት ፈራሁ።

«ቅሬው ጠሪነቱን ላንተ ሊሰጥ ነው አሉ።»

«እኔንጃ እትዬ። አያ አበጋዝ ናቸው የሚሉት።»

«ይሰጡሃል። ብቻ ማልልኝ። የኔ ቀን ከመጣ ስሙን ጥራው። ምስክር ብለህ ጥራ። አገሩን ሁሉ ደጅ ላይ አቁመህ፣ እናት ሁሉ የኔ ነው እያለች እንዳትርድ።»

ማልኩላት። ሰጡኝም። አያ አበጋዝ አሁን ከቤት ይወጣሉ፤ እኔ ካለሁ አብሬ ከፊት ከፊት እየሄድኩ «ጨው ነው» እልላቸዋለሁ። እስካሁን ለሁለት ሽማግሎችና ላንዲት አራስ ጠርቻለሁ፣ ሁሉንም በስማቸው። ምስክር ግን አልደወለም። ስልኬ መናኸሪያ ውስጥ ባቃጨለ ቁጥር «ደሴ የሞላ» ማለቴን አቋርጬ ቁጥሩን አያለሁ፤ አንድ ቀን የደወለው ሰው «አንተ ነህ የቅሬው ጠሪ?» ቢለኝስ?

ማታ ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ በግራው መንገድ መታጠፊያ ነው የማልፈው። ገና ከሩቁ፣ በገዛ ድምፄ፣ በአያ አበጋዝ አይደለም፣ በገዛ ድምፄ እጮሃለሁ።

«እትዬ ዝናሽ! ሰላም ነው! ጨው ነው!»

እስክትመልስልኝ እግሬን አላነሳም።

«የምን ጨው?» ትላለች ከውስጥ።

«የወጥ!»

«እለፍ እንግዲህ።»