ጭቃ ያላየች ፒካፕ

ከኦክላንድ ተነስቼ ከሳን ሆዜ ጀርባ ወዳሉት ኮረብቶች ደርሼ መመለሴ አንድ ሺህ አራት መቶ ዶላር አስወጥቶኛል። በዚህ ዋጋ ሰው አዲስ አበባ ደርሶ ይመጣል፤ ያውም ሁለት ሻንጣ ተፈቅዶለት።

ቅዳሜ፣ ንጋት 11፡30፣ ኦክላንድ

ከዳውንታውን ብዙም ከማትርቀው የመኪና መሸጫ ግቢዬ ወጣሁ። የምነዳት መካከለኛ ፒካፕ ናት፣ ስፔሻል ኤዲሽን። ቁመቷ ከፍ ያለ፣ ጥርሳም ጎማ፣ ሆዷ ሥር የብረት ጋሻ፣ ፊቷ ላይ ብርቱካናማ መጎተቻ። ከመሪው አጠገብ ጭቃ፣ አሸዋና ድንጋይ የተሳለበት የመንገድ ዓይነት መምረጫ መዘውር አላት። ከጨረታ ሳነሳት መዘውሩ አቧራ ይዞ ነበር፤ የቀድሞው ባለቤት ነክቶት አያውቅም።

ሠላሳ አራት ሺህ ፈጅታብኛለች። የግቢውን ኪራይ ሳይቀር እሷ ላይ አውዬዋለሁ፤ እስከ ሰኞ ካልተሸጠች ባለግቢው ቁልፉን ይቀበለኛል። ገዢ ግን አለ። ሰለሞን ይባላል፣ ሳንታ ክላራ የሚሠራ ኢንጂነር። በሠላሳ ሰባት ሺህ ተስማምተናል። ከአስፋልት ውጭ መሄዷን ማየት ብቻ ቀርቶታል፦ «ኦፍሮድ ስትሄድ ሳላይ ሳይን አላደርግም።»

ለፋሲካ ሰለሞንን ጨምሮ አሥር ሆነን የገዛነው የቅርጫ በሬ ከሳን ሆዜ ጀርባ አንድ እርባታ ውስጥ ይጠብቀናል። ሰባቱ በአስፋልቱ ይመጣሉ። እኔ ደግሞ በጓሮ በኩል የጭቃ መንገድ እንዳለ አውቃለሁ። ሙከራና ቅርጫ በአንድ ቤንዚን! ብልጥ ነኝ ብዬ ነበር።

ጋሽ ተክሌን ከአረጋውያኑ ሕንፃ ደጅ አነሳኋቸው። ሃያ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ ያለ እሳቸው የቅርጫ ዕጣ አይወጣም። ፒካፗን ዞረው አዩዋትና፣ «ይቺ ለሠርግ ናት ለሥራ?» አሉኝ። መንገድ ላይ የሰኞን ጭንቀቴን ዘረገፍኩላቸው።

ጠዋት 1፡00፣ ሳንታ ክላራ

ሰለሞን ላቴ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። «ጾም ስለሆነ በአጃ ወተት ነው» አለ። ስምንት ዶላር።

ከትናንት ጀምሮ ምንም ያልቀመሱት ጋሽ ተክሌ፣ «ኪሱም አብሮ ቢጾም ምን ነበረበት» አሉ።

«የአፕሮች አንግሏን አይተሃል?» አለኝ ሰለሞን፤ አፍንጫዋ መሬት ሳይነካ የምትጀምረውን ዳገት ማለቱ ነው። «ቪዲዮውን ሴንድ ላድርግልህ?»

«ልጄ፣ አንግሉን ዳገቱ ራሱ ይነግርሃል» አሉት ጋሽ ተክሌ ከኋላ ወንበር።

ጠዋት 2፡30፣ አስፋልቱ ያለቀበት

ሰለሞን መሪውን ይዟል። አረንጓዴ ኮረብታ፣ ሌሊቱን ዝናብ የጠጣ መረሬ፣ የሽቦ አጥር፣ መንገዱን ዘግተው የቆሙ ላሞች።

«ማፑ ከዚህ በኋላ ምንም አያሳይም!»

«ሳይን ለማድረግ ይህን አይደል የፈለግከው?» አልኩት።

መንገዱን የሚያቋርጥ ቦይ ጋ ስንደርስ የግራ የኋላ ጎማ አየር ላይ ቀረ። ሰለሞን ላብ በላብ ሆነ። ጋሽ ተክሌ በጥቁር ሱፋቸው ጭቃው ውስጥ ወርደው ፊት ለፊት ቆሙ። «ፍሬኑን ልቀቅ! ቤንዚኑን አትርገጠው፣ ዳበስ አድርገው! ወደ እኔ፣ ወደ እኔ!» እኔ የኋላ ጎማዎቹን አንድ ላይ እንዲዞሩ የሚያደርገውን ቁልፍ ተጫንኩ። ከሥር አንድ ነገር ጓ አለና እንደ ፍየል ተንጠላጥላ ወጣች።

«ኦ ማይ ጋድ!» ብሎ ሰለሞን እኔን ዞሮ ሲያይ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ከፊት በር እስከ ኋላ ጎኗን ላጠ። ድምፁን ሁላችንም ሰማን።

«ልድገመው!» አለ። ሦስቴ ደገመው። እኔ በሆዴ የግቢውን ኪራይ ከፍዬ ጨርሻለሁ።

ረፋድ 5፡00፣ እርባታው

ሥጋው በአሥር መደብ ተደልድሎ፣ ዕጣው ወጣ። ባለ እርባታው ቸር ሰው ነው፤ ሳንጠይቀው የውኃ ጎማ ስቦ ፒካፗን አጠበልን። ጭቃው ሄደ፣ ጭረቱ መጣ።

ሰለሞን በጣቱ ተከተለው። «ይቺ እኮ አሁን ኦፍሮድ የተነዳች መኪና ናት።»

«የነዳሃት አንተ!»

«እኮ! ለዚህ ነው የማውቀው።»

«ለኦፍሮድ አይደል እንዴ የምትገዛት?»

«መቻሏን ነው የፈለግኩት። እኔማ ጋራዥ ነው የማቆማት። ሠላሳ ሁለት ሺህ።»

ሰባቱ ቢላቸውን አስቀምጠው ከበቡን። ሁሉም ሽማግሌ ሆነ። በመጨረሻ ጋሽ ተክሌ እጃቸውን አነሱ።

«ጭረቱ የእሱ ነው። መንገዱ ግን ያንተ ነው፤ ደረቅ አስፋልት ትተህ በጭቃ አምጣኝ ያለህ የለም። ሠላሳ ሦስት። ነገ በዓል ነው፣ ተጨባበጡ።»

«ጋሽ ተክሌ፣ ከገዛሁበት በታች እኮ ነው!»

ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብለው፣ «ሰኞስ?» አሉኝ።

ተጨባበጥን። ሰለሞን ወረቀቱን የሞተሩ ክዳን ላይ ዘርግቶ ፈረመ፤ ገንዘቡንም እዚያው በስልኩ ላከ።

ከሰዓት 9፡00፣ ኦክላንድ

ሲመልሰን በቀኝ ሌን ከሃምሳ አምስት ማይል አላለፈም። ግቢዬ አጠገብ ስንደርስ አስፋልቱ ላይ የእጅ መዳፍ የምታክል ጉድጓድ አየና ሌላ ሌን ገብቶ ዞራት።

«ጎማዋ ይጎዳል» አለ።

የተገዛችበት፣ ሠላሳ አራት ሺህ። የተሸጠችበት፣ ሠላሳ ሦስት ሺህ። ቤንዚን፣ ዘጠና። የቅርጫ ድርሻ፣ ሦስት መቶ አሥር። በእጅ ያለ፣ የግቢው ቁልፍና አንድ መደብ ሥጋ።