አጥንቱ ይጠንክር

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ ለጎባ እግር ኳስ ቡድን ተጫዋች ሲመርጡ ለጋ ልጅ አያሰልፉም ነበር። «ችሎታው የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ አጥንቱ ይጠንክር» ይሉ ነበር። «የሽማግሌ ቡድን» እያልን እንስቅባቸው ነበር።

አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። ድሮ ከሮቤ ጋር ሲጋጠሙ አንድ ጎበዝ ልጅ ከትልልቆቹ ጋር አሰልፈው፣ ልጁ ከተከላካይ ጋር ተጋጭቶ ወድቆ በዚያው ቀረ። አስከሬኑን ይዘው ቤቱ ሲደርሱ እናቱ «ማን ነው ልጄን ያስገባብኝ?» አለች።

«እኔ» አሉ።

«እስከ ዛሬ ጨዋታ ሲጀመር ድምፅዋን እሰማለሁ» አሉኝ።

ባለፈው እሁድ አዲሱ አሰልጣኝ ገና ጢም ያላበቀለ አጥቂ አሰለፈ። ልጁ ጎል ሲያስቆጥር ሕዝቡ ጨፈረ። እኔ ግን አጎቴ ይቆሙበት ከነበረው ባዶ ቦታ አጠገብ ሆኜ፣ የመጨረሻው ፊሽካ እስኪነፋ የዚህን ልጅ እናት በተመልካቹ መሃል ስፈልግ ቆየሁ።