ጀርባውን የሰጠው ዲሽ

ሰቆጣ ስመደብ የያዝኩት ዲፕሎማ የኤሌክትሮኒክስ ነበር፤ የተሰጠኝ ሥራ ግን ጠመኔ ማደል። አንድ ዓመት ሙሉ ከትምህርት ጽሕፈት ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጬ ለየትምህርት ቤቱ ጠመኔ በካርቶን ሳስፈርም ከረምኩ። የተበላሸ ቴሌቪዥን ሲመጣ ኃላፊያችን ከከተማው አንድ ጠጋኝ ያስጠሩ ነበር። ሰውየው ፈታትቶ ሲያቅተው በጓሮ በር ብቅ ይልና እኔን ይጠይቀኛል። እነግረዋለሁ፣ ይሠራል፣ እሱ ይመሰገናል። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ ምላሴም አያርፍም። ያን ዓመት እንዴት ዝም ብዬ እንዳለፍኩት ዛሬም ይገርመኛል።

መኪናው እጃችን የገባው ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ነው። መንገድ ሊያጠኑ መጥተው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ትተውት ሄዱ። ከውጭ ሲያዩት ያረጀ ሚኒባስ ነው፤ ከውስጥ ግን ቤት ነው። ታጥፎ መቀመጫ የሚሆን አልጋ፣ ባለሁለት ምድጃ የጋዝ ማብሰያ፣ ፊት እንኳ በቅጡ የማያስታጥብ ጠባብ መታጠቢያ ነበረው። የሰቆጣ ሰው “ቤቱን አዝሎ የሚዞረው” እያለ ይስቅበት ነበር። በዚያን ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን ይሰጣል፤ መብራት የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ግን ወሬውን ብቻ ነበር የሚሰሙት። ኃላፊው ቢሮ ገብቼ “ጄኔሬተር፣ ዲሽና ሪሲቨር ይሰጠኝና ይህን መኪና ላደራጀው። መብራት ወደሌለበት ትምህርት ቤት ይዤው እዞራለሁ” አልኳቸው።

“አንቺ?” አሉኝ።

“እኔ። ጌታዬ፣ የተማርኩት እኮ ጠመኔ አይደለም።”

ሳቁ። የሳቁት በጠመኔው ይሁን በእኔ አላወቅኩም። ቀጥለው እንዲህ አሉኝ፦ “እንግዲያው ፃግብጂ ውሰጂውና ሞክሪው። ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ሥዕል ካሳየሽኝ መኪናውም ሥራውም ያንቺ ነው። ካላሳየሽኝ መኪናው ወደ ክልል ይሄዳል፤ አንቺም ወደ ጠመኔሽ።”

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ! ሰኞ ገና ሳይነጋ ከሹፌሩ ጋር ወጣን።

ሹፌሩ ጠንቃቃ፣ ለያንዳንዱ ነገር ወረቀት የሚፈልግ የሰቆጣ ሰው ነበር። ፃግብጂ ደረስን፤ ትምህርት ቤቱ አጠገብ አንዲት ቤተ ክርስቲያን አለች። ከእሷ በስተምዕራብ፣ ትልቅ ዋርካ ሥር፣ ሜዳው ደልደል ስላለ እዚያ አቆምነው። መጀመሪያ ዲሹን ጣሪያው ላይ አሰርኩት። ግን መኪናው ውስጥ ሰው እግሩን ባነሳ ቁጥር ሞላው ይወዛወዝና ሥዕሉ ይበጣጠሳል። አውርጄ መሬት ላይ በሦስት እግሩ አቆምኩት፤ እግሮቹንም በስድስት ድንጋይ ደገፍኳቸው። ሪሲቨሮቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ለትምህርቱ፣ ሌላው ወላጆች ዜና እንዲያዩበት ኃላፊው የጨመሩት። ሁለቱን ከአንድ ገመድ ባገናኛቸው እንደ ጣውንት ተያዩ፤ አንዱ ሲበራ ሌላው ይታወራል። አንዱ ሳይጠፋ ሌላው እንዳይበራ ተራ ሰጥቼ አስታረቅኳቸው። ሹፌሩ ውጭ ሆኖ ዲሹን ያዞራል፣ እኔ ከውስጥ የሲግናሉን መስመር እያየሁ እጮኻለሁ፦ “ፊቱን ወደ ምዕራብ! ትንሽ ቀና አድርገው! ፊቱን መልሰው! ተው፣ እንዳትነካው!” አሥር ሰዓት ላይ ሥዕሉ መጣ። ከመስኮቱ ታጭቀው የነበሩት ተማሪዎች ሲጮኹ እኔም አብሬ ጮህኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ሪሲቨሩን ከፈትኩ። ሲግናል የለም። ወጥቼ ሳይ ዲሹ ዞሮ ወደ ምሥራቅ ያያል። “ነፋስ ነው” አልኩ። ሹፌሩ ግን “ብሎኑን ሳታጠብቂው ቀርተሽ ነው” አለ። ሳተላይት ፍለጋ እንዲህ በቀላሉ አይምሰላችሁ፤ በጣት ስፋት ከሳቱት የለም። እስከ ማታ ፈልጌ አገኘሁት፤ መፍቻዬ ስለጠፋብኝም ብሎኑን በባዶ እጄ፣ ጣቴ እስኪላጥ አጠበቅኩት።

ረቡዕ ጠዋትም ዞሯል። ስድስቱ ድንጋዮች ተነስተው ዳር ላይ በሥርዓት ተደርድረዋል። ነፋስ ድንጋይ አንስቶ አይደረድርም። ሹፌሩ አሁንም ስለ ብሎኑ ሲያወራ መኪናው ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። በዚያች ጠባብ መታጠቢያ ፊቴን ስታጠብ በአፌ ነፋስ ብልም ማክሰኞን ሙሉ የራሴን እጅ ስጠረጥር እንደነበር ታወቀኝ። ሰው ሲከሰኝ አብሬ ራሴን መክሰስ ለምጄ ነበር። ይህን ከጠመኔው ቤት ነው የተማርኩት። በጣም ተናደድኩ፤ በሌላ በማንም አይደለም፣ በራሴ።

ያን ዕለት ማታ ዲሹን ዳግም መልሼ አቆምኩትና ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ መጋረጃውን በትንሹ ገልጬ ጠበቅሁ። ለኪዳን ጸሎት የሚሄዱ አንዲት ቆብ የደፉ አሮጊት መነኩሲት መጡ። መቋሚያቸውን ከመኪናችን ጎማ ጋር አስደግፈው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሱ። ከኪሳቸው ብሎን መፍቻ አወጡ፤ የእኔን መፍቻ! ማክሰኞ ጠፋብኝ ብዬ ሹፌሩን የጠረጠርኩበት ነው። ፈታ አድርገው ዲሹን በሁለት እጃቸው ቀስ ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞሩት። ከዚያ እሳቸውም አብረውት እጅ ነሱ።

በባዶ እግሬ ዘልዬ ወረድኩ። “እማሆይ! ምን በደልኩዎት?”

አልደነገጡም። ያገሩ ልሳን ኽምጣንጋ ነውና አማርኛን ቀስ እያሉ፣ ቃል እየመረጡ ነው የሚናገሩት። “እኔንማ ምን በደልሽኝ፣ ልጄ። ታቦቱን ነው እንጂ። እይው እስቲ፤ ጀርባውን ለታቦት ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ! እኛ ወደ ምዕራብ የምንዞር ሰይጣንን ስንክድ ነው፣ ክርስትና በምንነሳ ለት። ይኸ እንግዳ ነው፣ ሥርዓት አያውቅም ብዬ አዞርሁት።”

“ብረት እኮ ነው፣ እማሆይ! ብረት ፊትና ጀርባ የለውም።”

“እንዴ! ሰኞ ለት ‘ፊቱን አዙረው፣ ፊቱን መልሰው’ ስትዪ የዋልሽ አንቺ አይደለሽ? ፊት ያለው ጀርባ የለውም?”

 ንዴቴ እዚያው ቆመ። በዚያ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሲረታኝ የነበረው በወንበሩ ነው፤ በነገር የረቱኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። መፍቻዬን አቀበሉኝና ወደ ጸሎታቸው ሄዱ።

ሹፌሩ ይህን ሲሰማ መፍትሔው ቀለለው። “የቀበሌውን ሊቀ መንበር እንንገረውና ይገሥጻቸው። አንድ ታጣቂ ያቆምልናል።”

“አይሆንም” አልኩት።

“ነገ ዓርብ ነው። ቅዳሜ ሥዕል ከሌለ አለቀልሽ።”

“አውቃለሁ። ግን አሮጊት ከቤተ ክርስቲያኗ ደጅ በጠብመንጃ አስከልክዬ የማሳየው ሥዕል ይቅርብኝ። ይልቅ ጠመኔ ባድል እመርጣለሁ።”

ከጸሎት ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። “እማሆይ፣ ሳተላይቱ ያለው በምዕራብ ነው፤ እኔ ላዛውረው አልችልም። ግን ዲሹ በቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅ ቢቆምና ወደ ምዕራብ ሲያይ ፊቱ ወደ ታቦት ቢሆንስ?”

መቋሚያቸውን ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ጠቆሙ። “ታቦቱን ካየማ ማን ይነካዋል” አሉ።

በምሥራቅ በኩል፣ ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ካለው አጥር ውጭ፣ አንድ አውድማ አለ። ራቅ ስለሚል የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች አይከልሉንም፤ ዲሹ ከነሱ በላይ ነው የሚያየው። ችግሩ መንገድ የለውም። ለመድረስ ዳገት መውጣት፣ በዳገቱም ላይ የእርከን ካብ መሻገር ያስፈልጋል። ሹፌሩ እየዞረ አየና ራሱን ነቀነቀ። “የመኪናው ሆድ ይቀደዳል። ተጠያቂው እኔ ነኝ።”

“እኔ ልጠየቅ።”

“በወረቀት ጻፊልኛ!”

ጻፍኩለት። በጠመኔ ካርቶን ቁራጭ ላይ “መኪናው ጉዳት ቢደርስበት በኃላፊነት የምጠየቀው እኔ ነኝ” ብዬ ፈረምኩ። ደመወዜ የመኪና ዕዳ እንደማይችል ሁለታችንም እናውቃለን።

ዓርብ ጠዋት እማሆይ በኽምጣንጋ ምን እንዳሉ አላውቅም፤ ሰዎች ግን መጡ። ካቡን መኪና በሚያሳልፍ ስፋት አፈረሱና ከጎማው ፊት ድንጋይ እየለቀሙ፣ ከኋላ እየገፉ አወጡን። ከመሐል ሆዱ ከቋጥኝ ጋር ሲፋጭ የእኔ ሆድ የተቧጨረ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። አለፈ። ሰዎቹ ከኋላችን ካቡን እንደነበረው መልሰው ካቡት፤ እርሻ ነውና ክፍት አይተውም። መኪናው ውስጥ ስገባ ግን የትምህርቱ ሪሲቨር ከመደርደሪያው ወድቆ የኃይል ገመዱ ከሥሩ ተነቅሏል። መበየጃዬ ሰቆጣ ቀርቷል። ወፍራም ምስማር በጋዝ ምድጃው አግዬ፣ በጨርቅ ይዤ በየድኩት። ጣቴ ተቃጠለ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ፣ እወደዋለሁ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሥዕሉ መጣ። ስድስቱን ድንጋዮች እንደገና ደረደርኩ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ኃላፊው ደረሱ። ዋርካው ሥር ማንም የለም። ሸሽተናል ብለው ሳያስቡ አልቀሩም፤ ዳገቱን በእግራቸው ሲወጡ ድምፃቸው ቀድሟቸው ይሰማ ነበር። “ማን ፈቀደልሽ? መኪናውን እዚህ ማን አውጪው አለሽ?”

“ጠጋ ይበሉና ይዩ” አልኳቸው።

ቴሌቪዥኑን በመኪናው በር ፊት ለፊት አቁሜዋለሁ። ተማሪዎቹ አውድማው ላይ ተቀምጠው የሂሳብ ትምህርት እየተከታተሉ ነው፤ ሥዕሉ እንደ መስተዋት የጠራ። ከአጥሩ ጥግ ደግሞ እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዲሹን ይጠብቃሉ። የኃላፊው ፊት ፈካ። ዞሩና የሹፌሩን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። “ጎበዝ! ሥዕሉን እንዴት አድርገህ አመጣኸው?”

ሹፌሩ ምን ሊል እንደነበር አላውቅም። ጊዜም አልሰጠሁትም። ሪሞቱን አነሳሁና አጠፋሁት። ተማሪዎቹ አጉረመረሙ።

“ምን ሆነ?” አሉ ኃላፊው።

“አመጣው ያሉት ሰው ይመልሰው” አልኩ። አልዋሽም፣ ፈርቻለሁ። ሪሞቱን ግን ከጀርባዬ ያዝኩት።

ሹፌሩ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ። “ጌታዬ፣ እኔ የማውቀው መሪ ብቻ ነው” አለ።

ከአጥሩ ጥግ እማሆይ ጮክ ብለው ተናገሩ፦ “እሷ ናት እንጂ! እኔ ሌት ሌት ሳዞርባት፣ በነጋ ቁጥር የመለሰችው እሷ ናት!”

ኃላፊው ግማሹ እንኳ አልገባቸውም። ወደ እማሆይ፣ ወደ እኔ፣ ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን ተመለከቱ። “እሺ፣ መልሺው እስቲ” አሉኝ።

“ማን ነው ያመጣው?”

 ተማሪዎቹን አየት አደረጉ። “አንቺ ነሽ” አሉ።

ከፈትኩት።

መኪናው እኔ ጋ ቀረ። ከዚያ በኋላ ጽጽቃም ሌላም መኪና የሚደርስበት ቦታ ሁሉ ይዤው ስዞር፣ እንደደረስኩ መጀመሪያ የምጠይቀው “ቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል ነው?” ብዬ ነበር። ቴክኒሻን ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ሳተላይት በኮምፓስ እንጂ በታቦት አይፈለግም ይሉኛል። ይሳቁ። እሑድ ጠዋት ፃግብጂ ልንለቅ ዲሹን ለመንቀል ስወርድ ያየሁትን እነሱ አላዩም። ከቦታው በጣት ስፋት እንኳ አልተነቃነቀም፤ እኔ በስድስት የደገፍኩት ዲሽ ሰባት ድንጋይ ነበረው።