ወላጅ የሌላት ፀሐይ

ዘገዬ ሠዓሊ እሆናለሁ ብሎ ተነሥቶ ታፔላ ጸሐፊ ሆኖ የቀረ ሰው ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ እስከ ፒያሳ፣ ፀጉር ቤቱም ሥጋ ቤቱም ልብስ ሰፊውም ስሙን በእሱ እጅ ያጻፈበት ዘመን ነበር። ኋላ የባነር ማተሚያ መጣ። እሱ ሳምንት የሚደክምበትን ሥራ አንድ ወጣት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝበት ያትመው ጀመር። ለዘገዬ የቀረለት የመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ብቻ ሆነ፤ ፊደል፣ አንበሳ፣ ጥርሱን የሚቦርሽ ልጅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥርዓተ ፀሐይ።

ሥርዓተ ፀሐይን ሲሥል ኮምፓስ አይዝም። ክቡን የሚያወጣው በቤት ዕቃ ነው፤ ከረጢቱ ውስጥ አዝራር፣ ቆርኪ፣ ሲኒ፣ ሳህንና የድስት ክዳን አይጠፋም። ለፀሐይ ግን ሚስማርና ሲባጎ ነው። ፕሉቶ ከፕላኔትነት ተሰረዘች የተባለ ጊዜ ነጭ ቀለም ይዞ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞረ ያጠፋት እሱው ነበር። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ አንዲት ግድግዳ ላይ ያለችውን ብቻ አይቶ እንዳላየ አልፏታል። አንዳንድ ጊዜ በዚያ ሲያልፍ ቀና ብሎ ያያታል።

ዘንድሮ ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ብሩክታይት ጠራችው። ብሩክታይት የሰፈሩ ልጅ ናት፤ አሮጌ ቪላ ተከራይታ፣ በቺፑድ ከፋፍላ ስምንት ክፍል አውጥታ መዋዕለ ሕፃናት ከፍታለች። ለየክፍሉ የፕላኔት ስም ሰጥታ በበሩ ላይ ለጥፋለች።

«ጋሽ ዘገዬ፣ የግቢው ግድግዳ የእርስዎ ነው» አለችው። «ወላጅ ከወደደው ይቆያል። ካልወደደው ግን፣ አይቀየሙኝ፣ ባነር እሰቅልበታለሁ።»

ዘገዬ ነገሩን ዋጠው። የትምህርት ቤት ግድግዳም ለባነር ከተሰጠ፣ በአራዳ ምድር ብሩሽ የሚያነሣበት ቦታ እንደማይኖር ያውቃል። ስለዚህ ተጠንቅቆ ጀመረ፤ ሜርኩሪን በቆርኪ፣ መሬትን በሲኒ፣ ጁፒተርን በድስት ክዳን።

የምዝገባ ሳምንት ነበርና ወላጅ ይገባል፣ ይወጣል። በመጀመሪያ የመጣችው ድልድዩ አጠገብ ድንች የምትሸጠው በለጠች ናት።

«ጋሼ፣ የኛ የቷ ናት? ሜርኩሪ ክፍል ነው የተመደብነው።»

«ያቻትልሽ።»

«ይቺ ቆርኪ?»

«ተፈጥሮዋ ነው፣ እመቤት።»

«ተፈጥሮ የኔ ልጅ ላይ ሲደርስ ነው የሚታወቅዎት?»

ብሩክታይት ከቢሮዋ ወጥታ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ከፍ ያድርጉላት ጋሽ ዘገዬ፣ ምን ይጎዳዎታል?»

ቆርኪው በሲኒ ተተካ። ይህን ያየ የማርስ አባት በማግስቱ መጣ። የማርስን ያየች የቬነስ እናት ተከተለች። የመሬት እናትማ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«የሌላው ልጅ ሰማይ ላይ ሲሽከረከር የኔ ልጅ መሬት ትቅር?»

«እናቴ፣ ሁላችንም እዚያው ነን እኮ!»

«እሱንማ ቤቷ ሆናም ታየዋለች፤ ለዚህ ነው ያስመዘገብኳት?»

ሲኒው ሳህን ሆነ፣ ሳህኑ የድስት ክዳን ሆነ። ፕላኔቶቹ እየተጋፉ ፀሐይን ወደ ጥግ ገፏት፤ ዘገዬ እየተበሳጨ ከዚህ ሲሸርፋት፣ ከዚያ ሲሸርፋት ሐሙስ ደረሰ።

«ውይ ጋሽ ዘገዬ! ፀሐይዋ ከጁፒተር አነሰች እኮ» አለች ብሩክታይት።

«ፀሐይ የሚባል ክፍል አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ወላጅ የላትም። ማን ይጩህላት?»

ይህን ሲባባሉ ተክላይ ሜትር ይዞ ግድግዳውን ይለካ ነበር። ልጁ ጁፒተር ክፍል ነው፤ እሱ ራሱ ፒያሳ ላይ የባነር ማተሚያ አለው።

«ጋሽዬ፣ አይድከሙ፤ እኔ በነፃ አትሜ እሰቅለዋለሁ። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ፈገግ ያለ፣ ዓይን ያለው።»

«ጁፒተር ዓይን?»

«ልጅ ዓይን ይወዳል።»

ብሩክታይት መሐል ገባች። «ቅዳሜ ወላጅ ሁሉ ይሰበሰባል። ያኔም ይሄ ንትርክ ካለ፣ ባነሩ ይሰቀላል።»

ዘገዬ ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠበት። ያንን ሁሉ የተንጠባረረ ክብ አንድ በአንድ ረገመው። ብስጭቱ በረድ ሲል ግን አንድ ነገር ታየው። ሰው ትንሽ መሆኑ አይደለም የሚከፋው፤ አጠገቡ ያለው ሰው ከእሱ ሲተልቅ ነው። የሚለካካውም ሁልጊዜ ከጎረቤቱ ጋር እንጂ ሁለቱንም ከሚያሳንሳቸው ነገር ጋር አይደለም። «ልክ ነዋ፣ ፀሐይን ደብቄባቸው!» አለና ተነሣ። ግድግዳውን ዳር እስከ ዳር ነጭ ቀባው።

ዓርብ ሚስማሩን የበሩ ምሰሶ ላይ መታ፤ ሲባጎውን ወጥሮ ፀሐይን ከግድግዳው ሥር እስከ አናቱ አወጣት። ግድግዳው አልበቃት ብሎ ግማሿ ብቻ ተሣለ። መሬት በቆርኪ፣ ሜርኩሪ በአዝራር፣ ጁፒተር በሳህን ሆነ። ስሙን ከታች አልጻፈም፤ ሥራው ተወደደ ሳይባል ስሙን ጽፎ አያውቅም።

ቅዳሜ ወላጆች ገቡና ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ። መጀመሪያ የተናገረው ተክላይ ነው፤ የተጠቀለለ ባነር በብብቱ ይዟል።

«የኛ ጁፒተር ሳህን አክሎ ቀረ?»

«አንተ ሰውዬ፣ እኛ አዝራር ሆነን ዝም ስንል አንተ በሳህን ታለቅሳለህ?» አለችው በለጠች። ሰዉ ሳቀ። ወደ ዘገዬ ዞራ ድምፅዋን ቀነሰች። «ጋሼ፣ ለፀሐይ የቀረበችው የኛ ናት አይደል?»

«እሷው ናት።»

«በቃ፣ ማንም እንዳይነካው!»

ዘገዬ እፎይ ሊል አፉን ሲከፍት፣ የኔፕቱን እናት ረይሀና ከግድግዳው ጫፍ ተጣራች።

«ጋሼ፣ የኛን ለምን ሽንት ቤቱ ጋ ጣሏት? እዚህ ሆና ብርድ አይመታትም?»

ዘገዬ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ወረወረው። «ይመታታል! እንደ ኔፕቱን ብርድ የሚመታው የለም! ምን ላድርግሽ እህቴ፣ ጋቢ ላልብሳት?»

«በቃ!» አለች ብሩክታይት፤ ድምፅዋ ከእሱ ብሶ ነበር። «ተክላይ፣ ባነርህን ይዘህ ሂድ። ባነሩም ላይ ቢሆን ዳርና መሐል አይጠፋም። ጥፋቱ የግድግዳው አይደለም፣ የኔ ነው። ስሞቹን ከየበሩ አነሣለሁ፤ ክፍሎቹ በፍራፍሬ ይጠራሉ። ግድግዳው እንዳለ ይቀመጥ።»

ዘገዬ ጎንበስ ብሎ ከፀሐይ ሥር ስሙን ጻፈ። ንዴቱ ገና ስላልበረደለት «ዬ» ትንሽ ተጣመመችበት፤ አላረማትም።

«ሰኞ በሮቹን ይጀምሩልኛል፣ ጋሽ ዘገዬ» አለች ብሩክታይት። «ማንጎ፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ሎሚ...»

«የኛ ሎሚ እንዳትሆን!» አለች በለጠች ከኋላ።

ዘገዬ ከረጢቱን ከፈተና ሲኒውን፣ ቆርኪውንና አዝራሩን ለቅሞ ከሥር ከተተ። የድስት ክዳኑን ከላይ አደረገው፤ ሎሚውንም ማንጎውንም ፓፓያውንም በእሱ ሊያወጣ።